ስለ ሴፑልቱራ ባንድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም ጊታር የሚጫወቱ ወይም ከባድ ሙዚቃ የሚያዳምጡ ወጣቶች ስለ ብራዚሉ የሜታል ባንድ ስለ ሴፑልቱራ ሲወያዩ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ደጋግመው ይነሳሉ። ባንዱ የአገሩን ከበሮና የጥንት ነዋሪዎቿን ዜማ ከከባድ ጊታር ጋር በማዋሐዱ፣ ማሲንቆና ዋሽንት እየሰማ ላደገ የጎጃም ልጅ የተለየ ትርጉም አለው። ታሪኩ ግን የስኬት ብቻ ሳይሆን የሐዘን፣ የጠብና የመለያየትም ስለሆነ ብዙ ነገር ተዛብቶ ይወራል። መልሶቹ በጥያቄዎቹ ክብደት ልክ ረዝመዋል ወይም አጥረዋል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴፑልቱራ ከየት የመጣ ባንድ ነው? መሥራቾቹስ እነማን ናቸው?

ባንዱ በ1984 የተመሠረተው የብራዚሏ የሚናስ ዠራይስ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በቤሎ ሆሪዞንቴ ነው። መሥራቾቹ ወንድማማቾቹ ማክስና ኢጎር ካቫሌራ ሲሆኑ፣ ታላቁ ማክስ ጊታር ይጫወት ነበር፤ ኋላም የባንዱ ድምፃዊ ሆነ። ታናሹ ኢጎር ደግሞ ድራመር ነበር። ሁለቱም ገና ጢም ያላወጡ ልጆች ነበሩ፤ ማክስ 15 ዓመት ገደማ፣ ኢጎር 14 ገደማ። አባታቸው በሳኦ ፓውሎ በሚገኘው የጣሊያን ቆንስላ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው በልብ ሕመም በድንገት ሲያርፉ የቤተሰቡ ኑሮ ተናጋ፤ እናትየውም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቤሎ ሆሪዞንቴ ሄዱ። ማክስ በኋለኛው ዕድሜው እንደተናገረው፣ ወደ ከባዱ ሙዚቃ የገፋቸው አንዱ ነገር ከአባት ሞት በኋላ የመጣው ቁጣ ነው።

በዚያን ጊዜ ብራዚል ከ1964 ጀምሮ በሥልጣን ላይ የቆየው ወታደራዊ መንግሥት የመጨረሻ ዘመን ላይ ነበረች። ባንዱ የመጀመሪያ ሥራዎቹን ያሳተመው ኮጉሜሎ በተባለ የቤሎ ሆሪዞንቴ የሸክላ መሸጫ ሱቅ በኩል ነው፤ ሱቁ ከመሸጥ አልፎ የአካባቢውን ልጆች ሙዚቃ ማሳተም ጀምሮ ነበርና። ቤዝ ጊታሩን ፓውሎ ጁኒየር ያዘ። በ1987 አንድሪያስ ኪሰር ከሳኦ ፓውሎ መጥቶ የቀድሞውን ጊታሪስት ጃይሮ ጉድስን ተካ። ባንዱን ለዓለም ያስተዋወቁት ሥራዎች የእነዚህ የአራቱ፣ ማለትም የማክስ፣ የኢጎር፣ የፓውሎና የአንድሪያስ ውጤቶች ናቸው።

የሙዚቃቸው ዓይነት በትክክል ምን ይባላል?

በአንድ ስም መጥራት የማይቻለው ባንዱ በየአምስት ዓመቱ ገደማ መልኩን ይለውጥ ስለነበረ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚጫወቱት ዴዝ ሜታልና ትራሽ ሜታል የሚባሉትን ነበር፤ ሁለቱም በፍጥነት የሚቆረጥ ጊታር፣ በሁለት እግር የሚመታ የባስ ድራምና ከጉሮሮ የሚወጣ ጎርናና ድምፅ ያለባቸው ናቸው። በ1989 የወጣው ‹ቢኒዝ ዘ ሪሜይንስ› እና በ1991 የወጣው ‹አራይዝ› የዚህ ዘመን ምርጥ ሥራዎች ናቸው። ‹ቢኒዝ ዘ ሪሜይንስ› ሮድራነር በተባለው ዓለም አቀፍ አሳታሚ በኩል የወጣ የመጀመሪያ አልበማቸው ሲሆን፣ አሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ስኮት በርንስ ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሄዶ ነው የቀረጸላቸው።

ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን ቀነሱ። በዝግታ የሚሄድ፣ ነገር ግን ሰውነትን የሚያነቃንቅ፣ ግሩቭ ሜታል የሚባል ስልት ያዙ፤ በላዩም ላይ የብራዚልን ከበሮ ጨመሩ። ማክስ በዚህ ዘመን ከጊታሩ ላይ ቀጫጭኖቹን ሁለት ክሮች አውልቆ በአራቱ ወፋፍራም ክሮች ብቻ ይጫወት ነበር፤ በ‹ሩትስ› አልበም ላይም ክሮቹ ከመደበኛው እጅግ ዝቅ ብለው ነው የተቃኙት። አልበሙ ሲከፈት ጆሮ ላይ የሚወድቀው ያ ከባድና ወፍራም ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ክር ያለው መሣሪያ የተሻለ ሙዚቃ ያወጣል ብለው ለሚያምኑ ጀማሪ ጊታሪስቶች ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

የባንዱ ግጥሞች ሰይጣንን የሚያወድሱ ናቸው ይባላል፤ እውነት ነው?

ይህን የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ወላጆች ናቸው፤ ጥያቄውም በቁም ነገር ሊመለስ ይገባል። በ1985 እና በ1986 በወጡት የመጀመሪያ ሥራዎቻቸው፣ በተለይም በ‹ሞርቢድ ቪዥንስ› ላይ፣ የሰይጣንና የጥፋት ምስሎች አሉ። ይህን መካድ አይቻልም። የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ከአውሮፓ የመጡ ሸክላዎችን ሰምተው፣ በቅጡ በማያውቁት የእንግሊዝኛ ቋንቋ የጻፏቸው ናቸው። እኔ እነዚያን ሥራዎች ለማንም አልመክርም፤ በሙዚቃ ደረጃም ደካማ ናቸው።

ከ1987 ‹ስኪዞፍሬኒያ› ጀምሮ ግን ጉዳዩ ሌላ ሆነ። ግጥሞቹ ወደ ጦርነት፣ ወደ ፖሊስ ጭካኔ፣ ወደ መሬት ነጠቃና ወደ ድህነት ዞሩ። በ1993ቱ ‹ኬኦስ ኤ.ዲ.› ላይ ‹ማኒፌስት› የተባለው ሥራ፣ በ1992 በሳኦ ፓውሎው የካራንዲሩ እስር ቤት ፖሊስ 111 እስረኞችን የገደለበትን ቀን ይተርካል። ያው አልበም የሚከፈተው በልብ ምት ሲሆን፣ ምቱ ገና በእናቱ ማሕፀን የነበረው የማክስ ልጅ ነው። በ‹ሩትስ› ላይ ያለው ‹አምቡሽ› ደግሞ በ1988 የተገደለውን የአማዞን ደን ተሟጋች ቺኮ ሜንዴስን የሚያስታውስ ነው። ማክስ ራሱ ከሴፑልቱራ ከወጣ በኋላ ያቋቋመው ሶልፍላይ የተባለ ባንድ አልበሞቹን ለእግዚአብሔር መታሰቢያ ያደረገ ነው። ስለዚህ ልጁ ሲያዳምጥ ያገኘ ወላጅ የትኛውን አልበም እንደሆነ ቢጠይቅ ፍርዱ ይበልጥ ይቃናለታል።

የአገራቸውን ባህል ከሜታል ጋር መቀላቀል የጀመሩት መቼ ነው?

ሙሉው ቅልቅል የታየው በ1996 ቢሆንም ጅማሬው ‹ኬኦስ ኤ.ዲ.› ላይ ነው። በዚያ አልበም ‹ካዮዋስ› የሚል፣ ግጥምም ሆነ የኤሌክትሪክ ጊታር የሌለበት ሥራ አለ። መታሰቢያነቱ መሬታቸው በመነጠቁ ምክንያት በተቃውሞ ራሳቸውን ለሞት ለሰጡ፣ ካዮዋ ለሚባሉ የብራዚል ጥንታዊ ነዋሪዎች ነው። አልበሙን የቀረጹት በዌልስ በሚገኘው የሮክፊልድ ስቱዲዮ ሲሆን፣ ይህን አንዱን ሥራ ግን ከስቱዲዮ ወጥተው በቼፕስቶ የጥንት ግንብ ፍርስራሽ ውስጥ ቀረጹት። የእንጨት ጊታርና ከበሮ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ድምፁም ክፍል ውስጥ የታፈነ ሳይሆን በድንጋይ ግድግዳዎች መካከል የተለቀቀ ነው። የባንዱን ቁጣ ብቻ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ይህን ሲሰማ የሌላ ባንድ ሥራ ሊመስለው ይችላል።

ከዚያ በፊት የብራዚል ሜታል ባንድ ማለት የአሜሪካንና የአውሮፓን ባንዶች በደንብ የሚያስመስል ማለት ነበር። ‹ካዮዋስ› ላይ ግን አራቱ ሰዎች ከሌላው ዓለም ባንድ ሁሉ የሚለያቸው ነገር በደጃቸው እንዳለ የተገነዘቡ ይመስለኛል። አልበሙ በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ 32ኛ ደረጃ ደረሰ፤ ከደቡብ አሜሪካ ለመጣ የሜታል ባንድ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከሻቫንቴ ሕዝብ ጋር የሠሩት ነገር ምንድን ነው? ባህላቸውን ሰርቀዋል የሚሉ አሉ።

ሻቫንቴዎች በብራዚል ማቶ ግሮሶ ግዛት የሚኖሩ ጥንታዊ ሕዝብ ናቸው። ባንዱ ‹ሩትስ› የተባለውን አልበም ሲያዘጋጅ፣ በ1995 መጨረሻ ገደማ፣ ከአንድ የሻቫንቴ መንደር ጋር በአገናኞች በኩል ተነጋግሮ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ወደዚያው ሄደ። በመንደሩ ጥቂት ቀናት ቆዩ፤ አስተናጋጆቻቸው በባህላቸው መሠረት ሰውነታቸውን ቀለም ቀቧቸው፤ አብረዋቸውም ዘፈኑ። እዚያው ቦታ ላይ፣ በሰዎቹ መካከል ተቀምጠው የቀረጹት ‹ኢትሳሪ› የተባለ ሥራ በአልበሙ ውስጥ አለ። በእሱም ላይ የሻቫንቴዎች የፈውስ ሥርዓት ዜማ በብዙ ሰው ድምፅ ሲወጣ፣ ከሥሩ የእንጨት ጊታር ይከተለዋል።

አከታተሉን ልብ ብሎ ማዳመጥ ያሻል። ጊታሩ ዜማውን አይመራም። ሰዎቹ በራሳቸው እስትንፋስና በእግራቸው ምት ይሄዳሉ፤ ጊታሩ ከእነሱ ፍጥነት ጋር ራሱን ያስተካክላል፤ እነሱ ሲያርፉ እሱም ያርፋል። አንድ ታዋቂ ባንድ የገጠር ድምፅ ቀርጾ፣ ቆራርጦ፣ በራሱ ምት ላይ ቢለጥፈው ኖሮ ውጤቱ እጅግ የተለየ ይሆን ነበር። ሻቫንቴዎች በአልበሙ ላይ በስማቸው ተጠቅሰዋል፤ ድምፃቸውም የተሰማው ፈቅደው በሰጡት መጠን ነው። እኔ ይህን ስርቆት ለማለት አልደፍርም። አንድ ታዋቂ ባንድና አንድ የገጠር መንደር ከሚሸጥ አልበም እኩል አይጠቀሙም የሚለው ቅሬታ ግን ክብደት ያለው ነው፤ ፈቃድ መገኘቱ ብቻም ሙሉ መልስ አይሆነውም።

የአልበሙ ሁለተኛ ትልቅ እንግዳ ከባሂያ ግዛት የመጣው የከበሮ ሰው ካርሊኞስ ብራውን ነው። ባሂያ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ልጆች የሚበዙባት ግዛት ስትሆን፣ ካርሊኞስ ያንን የከበሮ ሀብት ይዞ መጥቶ ‹ራታማሃታ› የተባለውን ሥራ ከእነሱ ጋር ሠራ። ሥራው የተዘፈነው በፖርቱጋልኛ ሲሆን፣ ከባርነት አምልጠው ፓልማሬስ የተባለ ነፃ ግዛት የመሠረቱትን ሰዎች የመራው ዙምቢ በስሙ ይጠራበታል። ‹አቲቲውድ› የተባለው ሥራ ደግሞ የሚጀምረው በቤሪምባው ነው። ቤሪምባው እንደ ቀስት በተለጠጠ እንጨት ላይ አንድ የብረት ክር የተወጠረበት፣ ከታች ቅል የታሰረለት፣ በቀጭን እንጨት እየተመታ የሚጮህ መሣሪያ ነው፤ ሥረ መሠረቱም አፍሪካዊ ነው። ማሲንቆ በአንድ ጭራ ብቻ ሰውን ሲያስለቅስና ሲያስጨፍር ላየ የጎጃም አድማጭ፣ አንድ ክር ያለው መሣሪያ በዚያ ሁሉ የኤሌክትሪክ ጩኸት ፊት ራሱን ችሎ ሊቆም መቻሉ አያስገርመውም።

‹ሩትስ› በየካቲት 1996 ወጥቶ በቢልቦርድ 27ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ፕሮዲዩሰሩ ሮስ ሮቢንሰን ነበር፤ ቀረጻው በአብዛኛው የተካሄደው በካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ በሚገኝ ስቱዲዮ ነው። ባንዱ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ይህን ያህል ከፍ ብሎ አያውቅም፤ ዓመቱ ሳያልቅም አራቱ ተለያዩ።

ማክስ ካቫሌራ ከባንዱ ለምን ወጣ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚዛባውም ይኸው ነው። በሙዚቃው ስልት ስላልተስማሙ ተለያዩ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ‹ሩትስ›ን አራቱም ወደውት ነበር። ጠቡ የመጣው ባንዱ፣ ቤተሰቡና የሥራ ውሉ በአንድ ቋጠሮ በመታሰራቸው ነው።

የባንዱ ማኔጀር ግሎሪያ ነበረች። ግሎሪያ የማክስ ባለቤት ናት። ባንዱ ከብራዚል ወጥቶ ዓለም አቀፍ ስም እንዲያገኝ የለፋች ሴት መሆኗን ማንም አይክድም። ነገር ግን ሌሎቹ ሦስት አባላት፣ ከእነሱም አንዱ የማክስ የገዛ ወንድሙ፣ ሥራው ሁሉ በማክስ ዙሪያ እንደሚሽከረከር፣ እነሱ ወደ ጎን እንደተገፉ እየተሰማቸው መጣ። ይህ ቅሬታ ለረጅም ጊዜ በግልጽ ሳይነገር ተከማቸ።

በነሐሴ 1996 የግሎሪያ ልጅ፣ የማክስ እንጀራ ልጅ የሆነው ዳና ዌልስ በአሜሪካ በመኪና አደጋ ሞተ። ባንዱ በእንግሊዝ አገር በዶኒንግተን በሚካሄደው ትልቅ የሮክ ፌስቲቫል ላይ ሊቀርብ ተዘጋጅቶ ሳለ ነበር መርዶው የደረሰው። ማክስና ግሎሪያ ወዲያው ወደ አሜሪካ ተመለሱ፤ የቀሩት ሦስቱ መድረክ ላይ ወጡ፤ አንድሪያስ ኪሰር ጊታሩን እየተጫወተ የማክስን ድምፅ ሸፈነ። ለአድማጩ ታማኝነት ነበር፤ ለሐዘንተኛው ግን እንዴት እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

ከአራት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 16 ቀን 1996፣ በለንደን በብሪክስተን አካዳሚ ትልቅ ዝግጅት አቀረቡ። የግሎሪያ ውል የሚያልቀው በዚያው ሰሞን ነበር፤ ሦስቱ አባላትም ውሉ እንደማይታደስ በዝግጅቱ ምሽት አስታወቁ። ማክስ ሚስቱ ከተባረረች እሱም እንደማይቀር ተናግሮ ወጣ። ያ ምሽት የተቀረጸ ሲሆን፣ በ2002 ‹አንደር ኤ ፔል ግሬይ ስካይ› በሚል ርእስ ታትሟል። ሲያዳምጡት መድረኩ ላይ የጠብ ሽታ የለም፤ አራቱም እንደ አንድ ሰው ይጫወታሉ። ለእኔ የቀረጻው ሁሉ ክብደት ያለው እዚያ ነው።

ማን ጥፋተኛ ነው? የሁለቱንም ወገን ቃል ለብዙ ዓመታት ተከታትያለሁ። ሦስቱ አባላት ማኔጀር የመለወጥ መብት ነበራቸው፤ በአንድ ባንድ ውስጥ የአንዱ አባል ሚስት የሁሉንም ውል መያዟም ከመነሻው አስቸጋሪ ነበር። ነገር ግን እኛ ዘንድ ለቅሶ የተቀመጠን ሰው ዕዳ እንኳ የሚጠይቅ የለም። ልጇን ከቀበረች ገና አራት ወር ያልሞላትን እናት በዚያ ሰዓት ከሥራ ማሰናበት በየትኛውም አገር ያቆስላል። ነገሩ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሰላሙ ጊዜ፣ ፊት ለፊት ሊነገር ይገባው ነበር።

ዴሪክ ግሪን ማን ነው? ከእሱ ጋር ያለው ባንድ እንደ ድሮው ነው?

ዴሪክ ግሪን የአሜሪካዋ የክሊቭላንድ ከተማ ተወላጅ የሆነ ጥቁር አሜሪካዊ ድምፃዊ ነው። ባንዱ ድምፃዊ ሲፈልግ ከብዙዎች መካከል ተመርጦ፣ በ1998 በወጣው ‹አጌንስት› አልበም ለሕዝብ ተዋወቀ። ከዚያም ወደ ብራዚል ሄዶ ኖረ፤ ፖርቱጋልኛም ተማረ።

በዚህ ሰው ላይ ትልቅ በደል ተፈጽሟል። ብዙ አድማጮች የማክስን መውጣት እንደ እሱ ጥፋት ቆጠሩበት፤ ጠቡ ሲፈጠር ግን በአገሩም አልነበረም። በየመድረኩ የማክስን ስም እየጠሩ የሚጮሁበት ሰዎች ነበሩ። እሱ ግን ከ25 ዓመታት በላይ ዘለቀ፤ ዛሬ በባንዱ ውስጥ ከማክስ ዘመን በእጥፍ የሚበልጥ ጊዜ ያገለገለ ድምፃዊ እሱ ነው።

ሥራዎቹን በሚመለከት ደረጃቸው ወጣ ገባ ነው። ‹አጌንስት› ላይ ኮዶ ከተባለው የጃፓን የከበሮ ቡድን ጋር የሠሩት ‹ካማይታቺ› ድንቅ ነው። የ2001ዱ ‹ኔሽን› ለእኔ የዛለ አልበም ነው፤ ከእሱም በኋላ ከሮድራነር ጋር ተለያዩ። የ2017ቱ ‹ማሺን መሳያ› እና የ2020ው ‹ኳድራ› ግን ከድሮዎቹ ጎን ያለ ሐፍረት የሚቆሙ ናቸው። በ‹ማሺን መሳያ› ላይ የቱኒዚያ የቫዮሊን ተጫዋቾች ይሰማሉ፤ የመቀላቀሉ ፍላጎት ከማክስ ጋር አብሮ እንዳልወጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ወንድማማቾቹ ታረቁ?

አዎን፣ ታርቀዋል። ማክስና ኢጎር ለአሥር ዓመታት ያህል አልተነጋገሩም፤ ኢጎር እስከ 2006 ሴፑልቱራ ውስጥ ቆየ። በዚያ ዓመት ባንዱን ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካዋ ፊኒክስ ለዳና ዌልስ መታሰቢያ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ከወንድሙ ጋር መድረክ ላይ ወጣ። ዳና በሞተ በአሥረኛው ዓመት መሆኑ ነው። በሞቱ ማግስት የተለያዩት ወንድማማቾች የተገናኙት በመታሰቢያው ላይ ነበር። ከዚያም ካቫሌራ ኮንስፒረሲ የተባለ ባንድ አቋቁመው በ2008 የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። ቆየት ብለው ‹ሩትስ›ን ሙሉውን በመድረክ እየተጫወቱ ዞሩ፤ በ2023 ደግሞ የልጅነት ሥራዎቻቸውን እንደገና ቀርጸው አሳተሙ።

ወንድማማቾቹ ከአንድሪያስና ከፓውሎ ጋር ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሱም። አራቱ በአንድ መድረክ እንዲገናኙ የሚመኙ አድማጮች በየአገሩ አሉ።

እውነተኛው ሴፑልቱራ የትኛው ነው?

በስሙ መጫወት የቀጠሉት አንድሪያስና ፓውሎ ናቸው፤ መሥራቾቹ ሁለቱም ወጥተዋል። የድሮዎቹን ዜማዎች በጻፏቸው ሰዎች እጅ መስማት የሚፈልግ ወደ ካቫሌራዎቹ ይሂድ፤ ባንዱ ከዚያ በኋላ የደረሰበትን መከታተል የሚፈልግ ዴሪክ ግሪንን ይስማ። ሁለቱን ማጋጨት ጊዜ ማባከን ነው።

የጎጃም ሙዚቀኛ ከዚህ ባንድ የሚወስደው ነገር አለ?

ብዙ አለ። አገራችን የራሷን ዜማ ከውጭ መሣሪያ ጋር ማዋሐድ አዲስ አይደለችም፤ ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ ቅኝታችንን ከጃዝ ጋር አዋሕደዋል፤ ጃኖ ባንድ ደግሞ በ2012 ‹ኤርታሌ› በተባለው አልበሙ ወደ ሮክ ወስዶታል። ከባዱ ሜታል ግን ገና በደንብ ያልተሞከረ መስክ ነው።

በቅኝት ረገድ ለመነሻ የሚመቸው አንቺ ሆዬ ይመስለኛል። በአንቺ ሆዬ ውስጥ በግማሽ ድምፅ የሚቀራረቡ ድምፆች አሉ፤ ሜታል ጊታሪስቶች ጨለማና ውጥረት ለመፍጠር የሚፈልጉት ርቀትም ይኸው ነው። ባቲን ወይም ትዝታን በተዛባ የኤሌክትሪክ ጊታር ስትጫወቱ ዜማው ሊለሰልስባችሁ ይችላል፤ አንቺ ሆዬ ግን ጥርሱን ይዞ ይቆያል። በምት ረገድ ችክችካው ራሱ ለሁለት እግር የባስ ድራም የተመቸ ነው፤ አብዛኛው ሜታል በአራት ስለሚቆጠር ድራመሩ በስድስት ማሰብ እስኪለምድ ድረስ ግን ይቸገራል። ድምፅን በተመለከተ የጎጃም ቀረርቶና ፉከራ አለን፤ ደረት ነፍቶ፣ ከሆድ አውጥቶ፣ ሕዝብን የሚያስነሣ ድምፅ ለመማር ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም።

አሠራሩ ላይ ግን የሻቫንቴዎቹን ነገር ማስታወስ ይገባል። ማሲንቆ የሚፈልግ ባንድ አዝማሪውን ስቱዲዮ ጠርቶ ለሁለት ደቂቃ አስጩሆ ከመሸኘት ይልቅ፣ አዝማሪው በሚዘፍንበት ቦታ ሄዶ፣ በእሱ ፍጥነት መጫወት ቢማር ይሻለዋል። ስሙ በአልበሙ ላይ ይጻፍ፤ ድርሻውም ከቀረጻው በፊት በጽሑፍ ይወሰን። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ደግሞ የተለየ ነገር ነው። ጎጃም የቅኔና የዜማ ሊቃውንት አገር በመሆኗ ልጆቿ ያንን ድምፅ ከሕፃንነት ጀምሮ ይሰሙታል፤ ለባንዳቸውም ሊያምራቸው ይችላል። ሻቫንቴዎች የፈውስ ዜማቸውን ለሴፑልቱራ የሰጡት ባለቤቶቹ ራሳቸው ስለሆኑ ነው። የያሬድ ዜማ ባለቤት ቤተ ክርስቲያኒቱ ናት፤ እሷ ለመድረክ ያልሰጠችውን ማንም ባንድ አንሥቶ ሊወስደው አይገባም።

ውልን በተመለከተም ከብሪክስተኑ ምሽት የሚወሰድ አለ። ወንድምና እህት፣ ባልና ሚስት፣ አብሮ አደግ ሆነው ባንድ የሚያቋቁሙ ልጆች በከተሞቻችን ብዙ ናቸው። ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ፣ የባንዱ ስም የማን እንደሆነ፣ አንዱ ሲወጣ ምን እንደሚደረግ ገና ሳይታወቁ፣ ገና ምንም ሳያገኙ ቢጽፉት ኋላ ለመነጋገር አይተፋፈሩም።

ባንዱ አሁን ምን ላይ ነው?

በታኅሣሥ 2023 ሴፑልቱራ 40ኛ ዓመቱን በመሰናበቻ ጉዞ እንደሚያከብር አስታወቀ። ጉዞው በመጋቢት 2024 ባንዱ በተወለደባት በቤሎ ሆሪዞንቴ ተጀመረ። ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በ2011 ገና በ20 ዓመቱ የተቀጠረውና በዘመኑ ካሉ የሜታል ድራመሮች ከፊተኞቹ የሚቆጠረው ኤሎይ ካሳግራንዴ በድንገት ለቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካው ስሊፕኖት ባንድ አባል መሆኑ ታወቀ። በቦታው ወጣቱ አሜሪካዊ ግሬይሰን ኔክሩትማን ገብቶ ጉዞው በታቀደለት ጊዜ ተጀመረ። ባንዱን ገና መስማት ለሚጀምር ሰው ‹ኬኦስ ኤ.ዲ.›ን አስቀድሞ፣ ‹ሩትስ›ን አስከትሎ፣ ከዚያም ‹ኳድራ›ን እንዲያዳምጥ እመክራለሁ፤ ‹አራይዝ› ፈጣኑን ስልት ለሚወድ ይቆየው።